መብራት ሄዶ ከመጣ ወዲህ የድምፅ ቻት አፑ አልከፈት አለኝ፣ ሊኑክስ የምትችሉ እርዱኝ

ቀዮ_ኬብል፦
ሰላም ቤተሰብ። ሁለት ቀን ሙሉ አናቴን ሲያዞረኝ ስለከረመ ነው ወደናንተ የመጣሁት። ኡቡንቱ 24.04 ነኝ፣ ላፕቶፑ ኢንቴልም ኢንቪዲያም ያለበት ነው፣ አፑ ደግሞ ማታ ማታ ከልጆቹ ጋር የምናወራበት ነው (ስሙን ልተወው፣ ጥፋቱ የሱ ይሁን የኔ ገና አልለየለትም)፣ በፍላትፓክ (አፕን ከነሚያስፈልገው ነገር በራሱ ሳጥን የሚጭን መንገድ) ነው የጫንኩት። አሁን ስከፍተው መስኮቱ ብልጭ ይልና ድርግም። ደግሜ ስከፍተው ያው።

ረቡዕ ማታ መብራት ሄደ፣ ባትሪዬ አርጅቷል ከአርባ ደቂቃ በላይ አይቆይም፣ እዛው ወሬ ላይ እያለን ላፕቶፑ ጠፋ። መብራት ሲመጣ አበራሁት፣ ብሮውዘር ይሠራል፣ ጌም ይሠራል፣ ይሄ አፕ ብቻ እምቢ አለ። አፕዴት ነው እንዳልል አፕዴት ያደረግኩት እሁድ ነው፣ ሰኞና ማክሰኞ ስናወራ ነው ያመሸነው። ድንገት ስለጠፋ ፋይል ተበላሽቶበት ይሆን? ሪያድ ያለው ጓደኛችን ፈረቃ ስለሚገባ ቅዳሜ ማታ ብቻ ነው የሚያገኘን፣ እስከዛ ቢስተካከል በጣም ነው ደስ የሚለኝ።

ፈታ_በል፦
ነቅለህ እንደገና ጫነው ብሮ። እኔ ሁሌ እንደዛ ነው የማደርገው፣ ይሠራል።

ቀዮ_ኬብል፦
ኧረ የማወርድበትን የኢንተርኔት ዳታ ከየት አምጥቼ 😅 ሌላ መላ ከጠፋ ነው እሱን የማስበው።

ከርነል_ጠባቂ፦
አትንቀለው። ብትነቅለውም ሴቲንጉና ካሹ (አፑ ለፍጥነት የሚያጠራቅመው ፋይል) ሆም ፎልደርህ ውስጥ ቁጭ ብሎ ነው የሚጠብቅህ፣ ስትነቅል ዴሊት ዳታ የሚለውን ካልጨመርክ በቀር አይጠፋም፣ ስለዚህ ችግሩ ካሹ ውስጥ ከሆነ የኢንተርኔት ዳታህን ከስረህ እዛው ነህ። አሁን አይከኑን ተወውና ከተርሚናል ክፈተው፣ ፍላትፓክ ረን ብለህ የአፑን ሙሉ መለያ ስም ጻፍ። ከመሞቱ በፊት አንድ ሁለት መስመር ይናዘዛል፣ ኑዛዜውን እዚህ አምጣልን።

ቀዮ_ኬብል፦
ኑዛዜው ይኸው፣ ብዙ ቀይና ቢጫ ነገር ካወጣ በኋላ መጨረሻ ላይ "ጂፒዩ ፕሮሰስ ኢዝንት ዩዘብል፣ ጉድባይ" ይላል። እውነቴን ነው፣ ጉድባይ ብሎኝ ሄደ። ሶፍትዌር ቻው ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ከርነል_ጠባቂ፦
ሃሃሃ አዎ እሷን ዐውቃታለሁ፣ የክሮሚየም ናት። አፑ ኤሌክትሮን ላይ የተሠራ ነው ማለት ነው። ኤሌክትሮን (በ2013 ሲጀመር አቶም ሼል ነበር የሚባለው) ውስጡ ሲታይ ሙሉ የክሮሚየም ብሮውዘር ነው፣ የአፕ ልብስ አልብሰውት ነው እንጂ። ክሮሚየም ደግሞ ግራፊክሱን ለብቻው በተለየ ፕሮሰስ ነው የሚያሠራው፣ ያ ፕሮሰስ ከግራፊክስ ካርዱ ድራይቨር ጋር መግባባት አቅቶት ደጋግሞ ከወደቀ ዋናው ፕሮግራም ተስፋ ይቆርጥና ጉድባይ ይላል። ለማውራት ግራፊክስ ምን ያደርግለታል እንዳትለኝ፣ ለድምፁ ምንም አያደርግለትም፣ ድምፁን የሚጨምቀው ኦፐስ የሚባለው ኮዴክ ነው እሱም ሲፒዩ ላይ ነው የሚሠራው። ግራፊክሱ መስኮቱን ለመሳልና ለቪዲዮ ነው።

ስለዚህ ለጊዜው ያለ ጂፒዩ ክፈተው። ከዛው ትዕዛዝ መጨረሻ ላይ ሁለት ሰረዝ አድርገህ ዲሴብል፣ አንድ ሰረዝ፣ ጂፒዩ ብለህ ጨምር (በላቲን ፊደል ነው እንግዲህ፣ ስልኬ ላይ ያለው ኪቦርድ አማርኛ ብቻ ስለሆነ ነው እንዲህ የምጽፍልህ)። ከከፈተልህ ጥርጣሬያችን ልክ ነው። ሁለት ነገር ደግሞ ንገረኝ፣ ፕራይም ሴሌክት (ከሁለቱ ካርዶች የትኛው እንዲሠራ የሚመርጠው) ምን ላይ ነው ያለው? ኢንቪዲያ ኤስኤምአይ የሚለውን ትዕዛዝ ስትሰጠውስ ድራይቨሩ ስንተኛ ቨርዥን ነው ይልሃል?

ቀዮ_ኬብል፦
ከፈተ!!! ቪዲዮ ሲበራ ፋኑ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮሃል እንጂ ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ፕራይም ሴሌክት ኢንቪዲያ ላይ ነው፣ ለጌም ብዬ ነው ያደረግኩት። ቨርዥኑ 550.144.03 ይላል።

እናት_ቦርድ፦
ልግባበት። ቀዮ፣ ተርሚናል ላይ ፍላትፓክ ሊስት በልና ከሚመጣው ውስጥ ኢንቪዲያ የሚል ቃል ያለበትን መስመር ብቻ አሳየኝ።

ቀዮ_ኬብል፦
አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው እህቴ፣ ስሙ መጨረሻ ላይ ኢንቪዲያ ሰረዝ 550 ሰረዝ 120 ይላል።

እናት_ቦርድ፦
በቃ አገኘነው። ፍላትፓክ የኡቡንቱህን ድራይቨር አይጠቀምም፣ በራሱ ሳጥን ውስጥ የኢንቪዲያ ላይብረሪ ለብቻው ይዟል፣ ያ ላይብረሪ ደግሞ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ላይ ከተጫነው ሞጁል (የድራይቨሩ ቁራጭ) ጋር በቁጥር አንድ ዓይነት መሆን አለበት፣ 550 መሆኑ ብቻ አይበቃም ከነጥብ በኋላ ያለውም ጭምር። ያንተ ከርነል 144.03 ላይ ነው፣ ፍላትፓክህ 120 ላይ ቀርቷል። ጌሙና ብሮውዘሩ የሚሠሩት የኡቡንቱውን ስለሚጠቀሙ ነው።

አሁን ሰኞና ማክሰኞ ለምን ሠራ? እሁድ አፕዴት ስታደርግ አዲሱ ድራይቨር ዲስክህ ላይ ነው የገባው፣ ሚሞሪ ላይ ግን አሮጌው ሞጁል ነው እየሠራ የነበረው፣ ምክንያቱም ሪስታርት አላደረግክም፣ ክዳኑን እየዘጋህ ነው መሰለኝ የምታስተኛው። አሮጌው ሞጁል ካሮጌው የፍላትፓክ ላይብረሪ ጋር ይስማማል፣ ስለዚህ ምንም አልታየህም። ረቡዕ ባትሪው ሲያልቅ ያስነሳህ መብራት ኃይል ነው፣ ያኔ አዲሱ ሞጁል ገባ፣ ተጣሉ። መብራቱ ፋይል አላበላሸም።

እዚህ ላይ ልብ በል፣ ፍላትፓክ የትኛውን ቁጥር ማውረድ እንዳለበት የሚያየው በሰዓቱ እየሠራ ካለው ሞጁል ነው። ስለዚህ ሁሌ መጀመሪያ ሪስታርት ከዛ ፍላትፓክ አፕዴት። ገልብጠህ ካደረግከው አሮጌውን አይቶ ልክ ነኝ ብሎ ዝም ይላል። አንተ ሪስታርቱ ስለተደረገልህ አፕዴቱ ብቻ ነው የሚቀርህ፣ ግን ዝም ብለህ አፕዴት ካልክ የጫንከውን አፕ ሁሉ አፕዴት ነው የሚያወርደው። ዳታ ካሳሰበህ ፍላትፓክ ኢንስቶል በልና የዛን መስመር ስም 120 የሚለውን በ144 ሰረዝ 03 ተክተህ ስጠው። እሱ ራሱ 300 ሜጋ ገደማ ነው፣ የሌሊት ፓኬጅ ካለህ ለሱ አስቀምጠው።

ከርነል_ጠባቂ፦
ክዳን መዝጋቱን እንዴት ዐወቅሽ 😂 እኔ ስለ መብራቱ ጭራሽ አላሰብኩም ነበር። ቀዮ፣ 300 ሜጋውንም ካላማረህ ፕራይም ሴሌክትን ኦን ዲማንድ (ኢንቪዲያውን ሲፈለግ ብቻ የሚያስነሳው) አድርገውና ሪስታርት አድርግ፣ አፑ በኢንቴሉ ይከፈታል፣ የኢንቴሉ ድራይቨር ሜሳ (ክፍት ምንጭ ድራይቨር) ስለሆነ ይሄ የቁጥር ጣጣ የለበትም፣ ባትሪህንም ትንሽ ያቆይልሃል። ጌሙን ለብቻው በኢንቪዲያ ታስከፍተዋለህ።

ፌዶራ_ሰፈር፦
ኤኤምዲ ካርድ ያላችሁ ሰዎች ይሄ አይመለከታችሁም። እኔ ዌይላንድ (መስኮቶችን ስክሪን ላይ የሚያወጣው አዲሱ ሲስተም) ላይ ነኝ፣ የኔው አፕ ስክሪን ሼር ስል ነበር የሚወድቀው፣ ኦዞን ፕላትፎርም የሚለውን የአፑን ማዘዣ ኤክስ 11 (አሮጌው ሲስተም) ብዬ ሳስከፍተው መውደቁን አቆመ ግን ስክሪን ሼር የማደርገው መስኮት ጥቁር ይታያል። ዌይላንድ ላይ ስክሪን የሚያልፈው በፓይፕዋይርና (ቪዲዮና ድምፅ አስተላላፊው) በፖርታሉ (ፈቃድ ጠያቂው) በኩል ስለሆነ ነው አሉኝ፣ ለጊዜው ከብሮውዘር ነው ሼር የማደርገው። ሌላ መላ ያለው ይንገረኝ።

ቀዮ_ኬብል፦
ሌሊት ስምንት ሰዓት ተነስቼ አወረድኩት። መጀመሪያ ተከፈተና ግማሹ ጥቁር ግማሹ የተቦጫጨቀ ሆነብኝ፣ ልቤ ወደቀ።

እናት_ቦርድ፦
የጂፒዩ ካሹ ነው፣ በአሮጌው ድራይቨር የተጠራቀመ። አፑን ሙሉ በሙሉ ዝጋው፣ ሆም ፎልደርህን ክፈትና ኮንትሮል ኤች በል፣ ነጥብ ቫር ውስጥ አፕ፣ ከዛ የአፑ ስም፣ ከዛ ኮንፊግ፣ እዛ ውስጥ ጂፒዩ ካሽ የሚል ፎልደር አለ። እሱን ብቻ ሰርዝ፣ ራሱ መልሶ ይሠራዋል። ሌላውን አትንካ፣ ሎግኢንህ እዛ ነው ያለው።

ቀዮ_ኬብል፦
ሠራ። ያለ ምንም ተጨማሪ ትዕዛዝ ከአይከኑ ተከፈተ፣ ፋኑም ዝም አለ። እህቴ እድሜ ይስጥሽ፣ ከርነልም አንተንም። ቅዳሜ ለሪያዱ ልጅ ታሪኩን አወራለታለሁ፣ መብራት ኃይልን ስንት ቀን ሙሉ በነገር ስንወቅጠው ነበር።

ፈታ_በል፦
እኔ እኮ ነው የገረመኝ። በተዘጋብኝ ቁጥር ስነቅል ስተክል እስካሁን ስንት ጊጋ አቃጥያለሁ መሰላችሁ። አሁን አይቼው የኔም 120 ላይ ነው።