በታይን ወንዝ ላይ የሚዞር ድልድይ ለምን አስፈለገ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እንግሊዝ ኒውካስል ውስጥ ስላለው የሚዞር ድልድይ ሳነብ አንድ ነገር አልገባኝ አለ። ከአጠገቡ ሮበርት ስቲቨንሰን የነደፈው ከፍ ያለ ድልድይ እ.ኤ.አ. ከ1849 ጀምሮ ቆሟል፤ መርከብም በሥሩ ያልፋል። ታዲያ ያንን ሁሉ ብረት እንዲዞር አድርጎ መሥራት ምን አመጣው?

ብረት ወዳድ፦ ወንድሜ፣ ከመንገዱ ሳይሆን ከወንዙ በኩል ተመልከተው። የስቲቨንሰን ድልድይ የሚያገናኘው በግራና በቀኝ ያሉትን ከፍታዎች ነው፤ ታች ወደቡ ዳር ለሚውለው ጋሪና ሠራተኛ አይመችም። እዚያ ታች የነበረውን የመካከለኛው ዘመን ድልድይ በ1771 ጎርፍ ወሰደው። በ1781 የተተካውም የድንጋይ ነበር፤ ዝቅ ያሉት ቅስቶቹ ትልቅ መርከብ አያሳልፉም። ችግሩ ይህ ነው! ከድልድዩ ወደ ላይ፣ ኤልስዊክ ላይ፣ የዊልያም አርምስትሮንግ የመድፍ ፋብሪካ አለ፤ መርከብ ግን ደጁ አይደርስም። የድንጋዩ ድልድይ ፈረሰና የሚዞረው በሰኔ 1876 ለመንገደኛ ተከፈተ። በሐምሌ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለፈችው መርከብ «ዩሮፓ» ናት፤ ወደ ኤልስዊክ የሄደችውም ለጣሊያን ባሕር ኃይል የተሠራ 100 ቶን መድፍ ልትጭን ነበር። ብረቱንና የማዞሪያ መሣሪያውን የሠራውስ? ራሱ የአርምስትሮንግ ድርጅት! ለእኔ የድልድዩ ታሪክ እዚህ ላይ ነው።

የወደብ ሰው፦ ለአርምስትሮንግ ብቻ የተሠራ አይምሰላችሁ። ያስገነባው ወንዙን የሚያስተዳድረው ኮሚሽን ነው፤ ወንዙን በማስቆፈር ላይ ስለነበር ያ የድንጋይ ድልድይ ባይነሳ ድካሙ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀር ነበር። በ1893 ከድልድዩ ወደ ላይ፣ ደንስተን ላይ፣ ለተከፈተው የድንጋይ ከሰል መጫኛም መርከቦች በዚሁ ነበር የሚያልፉት።

ተማሪዋ፦ በዚያ ዘመን ያንን ክብደት ምን አዞረው?

ብረት ወዳድ፦ ውኃ ነው፣ እህቴ። በእንፋሎት የሚሠራ ፓምፕ ውኃውን እየገፋ ከባድ ጭነት ቀስ በቀስ ወደ ላይ ያነሳል። ማዞር ሲፈለግ መክፈቻው ይለቀቃል፤ ጭነቱ ሲወርድ ውኃውን በኃይል ገፍቶ ማሽኑን ያንቀሳቅሰዋል። ስለዚህ ትንሽ ፓምፕ በረጅም ጊዜ ያጠራቀመው ጉልበት በጥቂት ደቂቃ ሥራ ላይ ይውላል። የእንፋሎቱ ፓምፕ በኤሌክትሪክ የተተካው በ1959 ነው። 85 ሜትር ያህል የሚረዝመው ተንቀሳቃሽ ክፍል ደግሞ መሐሉ ላይ ባለ ምሰሶ እንደ ሚዛን ስለተቀመጠ፣ ሲዞር በምሰሶው በሁለቱም ወገን የመርከብ መንገድ ይከፈታል።