ክርክር፦ ዳታውንና ኮዱን ያልለቀቀ ተመራማሪ የማዕረግ እድገት ይገባዋል?

አወያይ፦ የዛሬው ክርክር በጂኦስፓሻል ዳታ ሳይንስ፣ ማለትም የቦታ መረጃን በኮምፒውተር ተንትኖ ካርታ በሚያወጣው ሙያ፣ የዩኒቨርሲቲ ሥራ ላይ ነው። በሕዝብ ገንዘብ የሚሠራ ተመራማሪ፣ ካርታውን የሠራበትን ዳታና ኮድ ክፍት ካላደረገ ማዕረግ ሊሰጠው ይገባል ወይ? የሚደግፍም የሚቃወምም ምክንያቱን ይዞ ይምጣ። ስድብ አይፈቀድም።

ራስተር፦ አይገባውም። ሙያችን ራሱ የቆመው ሌሎች በለቀቁት ዳታ ላይ ነው። ምድርን ከላይ ፎቶ የሚያነሱትን የአሜሪካ መንግሥት ሳተላይቶች፣ ላንድሳትን ውሰዱ። የመጀመሪያው ሳተላይት የመጠቀው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ምስሎቹ ግን ለረጅም ጊዜ ሲሸጡ ኖረዋል። አንድ የላንድሳት 7 ምስል 600 ዶላር ገደማ ያወጣ ነበር። በዚህ ዋጋ አንድ የዶክትሬት ተማሪ ስንት ምስል ሊገዛ ይችላል? በ2008 ማህደሩ ለሁሉም በነጻ ተከፈተ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ2013፣ የዓለምን የደን ለውጥ የሚያሳይ ካርታ ወጣ። ካርታው ከ650 ሺህ በላይ የላንድሳት ምስሎችን ተጠቅሟል። በድሮው ዋጋ አባዙትና እዩት፤ 390 ሚሊዮን ዶላር ነው። ያንን ማንም ዩኒቨርሲቲ አይከፍልም። እንግዲህ ሁላችንም በነጻ ተቀብለን ነው እዚህ የደረስነው። የተቀበለ ሰው የራሱን ሲቆልፍ ዝም ብለን ማዕረግ ልንሰጠው ነው?

ፖሊጎን፦ ራስተር፣ የጠቀስከው ምስል የመንግሥት ነው። ያመጠቀውም የለቀቀውም መንግሥት ነው። የእኔ ዳታ ግን የመስክ ዳታ ነው። ጂፒኤስ ይዤ፣ በእግሬ ዞሬ፣ ነጥብ በነጥብ ነው የሰበሰብኩት። ኮንትራቴ አጭር ነው፤ የሚቆጠርልኝም የጽሑፍ ብዛት ነው። የመጀመሪያው ጽሑፌ በወጣ ቀን ዳታውን ብለቅ ምን ይሆናል? ትልልቅ ሰርቨርና ብዙ ተማሪ ያለው ቡድን፣ እኔ ሁለተኛውን ጽሑፍ ሳልጨርስ ሦስት ያወጣበታል። እሱ ያድግበታል፤ የኔ ስም የምስጋና መስመር ላይ ይቀራል። ሕጉ እኩል ይመስላል። የሚመታው ግን ከታች ያለውን ነው።

ሜሪዲያን (ፕሮፌሰር)፦ ፖሊጎን ያለችው እውነት ነው፤ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን የሚያሳስበኝን ልናገር። ካርታው እውነት መሆኑን ማን ነው የሚያረጋግጠው?

የጂኦግራፊ ምሁሩ ዋልዶ ቶብለር በ1970 ያለውን የሙያው ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሁሉም ነገር ከሁሉም ጋር ይዛመዳል፣ ቅርብ ያለው ግን ከሩቁ ይልቅ ይዛመዳል። በማሽን ለርኒንግ፣ ኮምፒውተሩ ከዳታ ተምሮ እንዲተነብይ ስናደርግ፣ የምንፈተነው እዚህ ላይ ነው። ተመራማሪው ነጥቦቹን በዘፈቀደ ለሁለት ይከፍላል፤ በአንዱ ሞዴሉን ያሠለጥናል፣ በሌላው ይፈትናል። ነገር ግን እያንዳንዱ የፈተና ነጥብ አጠገብ የሥልጠና ነጥብ አለ። ሞዴሉ ጎረቤቱን እያየ ይመልሳል። ውጤቱ ያምራል፤ ጆርናሉም ያትመዋል።

በ2020 በመካከለኛው አፍሪካ ደኖች ላይ የወጣ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። በተለመደው አፈታተን፣ ሞዴሉ ከደኑ ባዮማስ (የዕፅዋቱ ጠቅላላ ክብደት) ልዩነት ከግማሽ በላይ የሚተነብይ መሰለ። የሥልጠናና የፈተና ነጥቦቹ በርቀት ሲለያዩ የመተንበይ አቅሙ ወደ ዜሮ ወረደ። ያው ዳታ፣ ያው ሞዴል ነው! እንግዲህ የነጥቦቹን ቦታና የአከፋፈሉን ኮድ ሳያይ የቱ ገምጋሚ ነው ይህን የሚይዘው? ጽሑፉ ላይ የሚያገኘው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። በእንዲህ ዓይነት ካርታ ደግሞ የደን ፖሊሲ ይወጣበታል፣ ደን ለጠበቀ የካርቦን ገንዘብ ይከፈልበታል። ያልተፈተሸ ካርታ ይዞ ፕሮፌሰር መባል እኔን አይዋጥልኝም።

ስውር ነጥብ፦ ፕሮፌሰር፣ በደን ላይ እስማማለሁ። ዛፍ ምስጢር የለውም። እኔ የምሠራው በሰዎች እንቅስቃሴ ላይ ነው። በ2013 የወጣ ጥናት የ1.5 ሚሊዮን የሞባይል ተጠቃሚዎችን መረጃ መርምሮ ነበር። 95 በመቶውን ከሌላው ለይቶ ለማወቅ አራት የቦታና የሰዓት ነጥብ ብቻ በቂ ሆኖ ተገኘ። ስምን ከዳታው መሰረዝ አያድንም፤ ቤትህና ሥራ ቦታህ አንድ ላይ ከታዩ ስምህ ተጻፈ ማለት ነው። በ2018 መጀመሪያ ሯጮችና ብስክሌተኞች መንገዳቸውን የሚመዘግቡበት የስትራቫ መተግበሪያ ካርታ የወታደር ካምፖችን ቅርጽ ያጋለጠውስ? ያውም የማንም ስም አልነበረበትም። እና ይህን የመሰለ ዳታ ስላልለቀቅኩ እድገቴ ይታገድ?

እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ስኖው በ1854 የለንደንን የኮሌራ ሞት በየቤቱ አድርጎ ካርታ ላይ ማስፈሩን ሁላችንም ለተማሪ በኩራት እናስተምራለን። ያንን ካርታ ዛሬ በዚያ መልኩ ላትም ብል የሥነ ምግባር ኮሚቴው አይፈቅድልኝም። ባይፈቅድም ልክ ነው።

ሜሪዲያን፦ ለዚህ የታወቀ መንገድ አለ። የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናቶች የናሙና ቦታቸውን ሆን ብለው ያዛባሉ። ከተማ ከሆነ እስከ 2 ኪሎ ሜትር፣ ገጠር ከሆነ እስከ 5፣ ከገጠሮቹም አንድ በመቶው እስከ 10 ኪሎ ሜትር ይገፋል። ዳታው ግን ለተመራማሪዎች ሲሰጥ ኖሯል፤ ስንት ምርምር ተሠርቶበታል።

ስውር ነጥብ፦ ለሰፊ ጥያቄ ይሠራል። እኔ የምሠራው ሴንቲኔል በተባለው የአውሮፓ ሳተላይት ምስል ላይ ነው፤ አንዷ የምስል ነጥብ 10 ሜትር ናት። ነጥቡ 5 ኪሎ ሜትር ከተገፋ መንደሩ ሐይቅ ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። በተዛባው ዳታ ውጤቴን ሊደግም የሞከረ ሰው ሌላ ውጤት ያገኛል፤ ከዚያ አጭበርባሪ ይለኛል።

ራስተር፦ ይህኛው ከባድ ነጥብ ነው። ትክክለኛው ቦታ በተጠበቀ ኮምፒውተር ይቀመጥ፤ ማጣራት የሚፈልግ ፈቃድ ጠይቆ እዚያው ይሥራ። ኮዱ ግን ለምን ይደበቃል? ኮድ ውስጥ የማንም ቤት የለም።

ሰርቨር፦ ስለ ኮድ ካነሳችሁ እኔም ልግባ። በአንድ ኩባንያ ማሽን ላይ ብቻ የሚሮጥ ኮድ ክፍት ነው ትላላችሁ? የሳተላይት ምስል በኩባንያው ኮምፒውተሮች ላይ የሚተነተንበት ጉግል ኧርዝ ኤንጅን ድንቅ መሣሪያ ነው፤ ብዙ ሰው ያለ ሱፐር ኮምፒውተር እንዲሠራ አስችሏል። ግን ኩባንያው ነገ ደንቡን ቢቀይር ያ ሁሉ ኮድ ዝም ይላል።

ሌላም አለ። ሁላችሁም ነጻውን የካርታ ሶፍትዌር ኪውጂአይኤስን ትጠቀማላችሁ። ከ2002 ጀምሮ ያቆየው የብዙ በጎ ፈቃደኛ ልፋት ነው። ስህተት ማረም፣ መመሪያ መጻፍ፣ ለማያውቁት ሰው ጥያቄ መልስ መስጠት ጊዜ ይበላል። እንዲህ ሲሠራ የከረመ ወጣት ኮሚቴ ፊት ሲቀርብ «ጽሑፍህ ስንት ነው?» ነው የሚባለው። የሳን ፍራንሲስኮው የምርምር ምዘና መግለጫ ከወጣ ከ2013 ወዲህ ዳታና ሶፍትዌርም እንደ ምርምር ውጤት ይታዩ ተብሏል። ፈራሚው ብዙ ነው። የእድገት ቅጹ ላይ ግን የኮድ ሳጥን ፈልጋችሁ እስኪ አግኙ። ሳትከፍሉ ግዴታ አትጣሉ። መጀመሪያ ቁጠሩት፣ ከዚያ አስገድዱ።

ፖሊጎን፦ እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ዳታዬ የራሱ ቋሚ መለያ ይኑረው፤ የተጠቀመበት ሁሉ ይጥቀሰው፤ ለእድገት እንደ አንድ ጽሑፍ ይቆጠርልኝ። የመስክ ዳታ ደግሞ ከመጀመሪያው ጽሑፍ በኋላ ሁለት ዓመት ይሰጠው። ኮዱን ዛሬውኑ እለቃለሁ።

ሜሪዲያን፦ ሁለቱን ዓመት እቀበላለሁ። ገምጋሚው ግን በዚያ ጊዜም ነጥቦቹን ማየት አለበት። አለዚያ ስለ ደኑ የነገርኳችሁ ችግር ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይታይ ይቆያል።

ፖሊጎን፦ ገምጋሚው ተፎካካሪዬ ቢሆንስ ፕሮፌሰር? በእኔ ርዕስ የሚሠራው ሰው እኮ በጣት የሚቆጠር ነው። ሊገመግም የሚችለውም እሱው ነው።

ሜሪዲያን፦ ዳታውን አያወርድም። ራስተር ባለው የተጠበቀ ኮምፒውተር ላይ ኮድሽን ያስሮጣል፤ ነጥቦቹን በርቀት ከፋፍሎ ይፈትናል፤ ውጤቱን ብቻ ይዞ ይወጣል። ማን ገብቶ ምን እንዳሮጠም ይመዘገባል።

ስውር ነጥብ፦ እንዲህ ከሆነ የእኔም ዳታ ሊገባ ይችላል። ኮምፒውተሩን የሚያስተዳድረው ግን የጆርናሉ ባለቤት እንዳይሆን።

ፖሊጎን፦ እኔም በዚህ እስማማለሁ። ሁለቱ ዓመት ደንቡ ላይ በጽሑፍ እስኪሰፍር ግን አልፈርምም።