ከደሴ ወደ ሴሙሊኪ፦ ጥቅጥቅ ባለ ጫካ ውስጥ እንስሳ እንዴት ይታያል?

የሮቢት ልጅ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ደሴ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ወንድሜ ካምፓላ ነው የሚሠራው። ትምህርት ሲዘጋ፣ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ፣ እሱ ጋ ልሄድ ነው። በዚያው ለጥቂት ቀናት ሴሙሊኪ ብሔራዊ ፓርክ ለመግባት አስቤያለሁ። ለማያውቀው፣ ሴሙሊኪ ምዕራብ ዩጋንዳ፣ ኮንጎ ድንበር ላይ ያለ ቆላማ የዝናብ ደን ነው። ኮንጎ ውስጥ ያለው የኢቱሪ ደን ወደ ዩጋንዳ የዘረጋው ጫፍ ማለት ይቻላል። ስፋቱ 220 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው፤ ከፍታው 700 ሜትር ገደማ።

የእኔ ልምድ የደጋ ነው። ቦረና ሳይንት ፓርክ ጭላዳም ቀይ ቀበሮም አይቻለሁ። እዚያ አፋፍ ላይ ቁጭ ብሎ ሜዳውን በባይኖኩላር መቃኘት ነው። ጫካ ውስጥ ግን አሥር ሜትር አርቆ ማየት ያቅታል ይባላል። ታዲያ ምን ይሻለኛል? ብዙ መሄድ ወይስ መቀመጥ? ባይኖኩላርስ ምን ዓይነት? የጤናው ነገርስ? ወፍ አልጠየቅኩም፤ የወፍ ወዳጆች ይቅርታ አድርጉልኝ።

ቦርከና፦
እህቴ፣ መቀመጥ። ለሥራ ፎርት ፖርታል ኖሬያለሁ፤ ሴሙሊኪ ከዚያ ቅርብ ነው።

በደጋ የለመደው ዓይንሽ እዚያ ብዙም አይጠቅምሽም። መሬት ላይ የሚደርሰው ብርሃን ከላይ ካለው ከመቶ አንድ ሁለት እጅ ቢሆን ነው። ዙሪያው ቅጠል ብቻ ነው። ስለዚህ ከዓይን በፊት ጆሮ ነው የሚሠራው። ጎህ ሳይቀድ መጀመሪያ የምትሰሚው ጉሬዛ ነው። እኛ አገር ያለው ጉሬዛ ራሱ፣ ዝርያው አንድ ነው። አውራው ያጓራል፣ የሌላው መንጋ አውራ ይቀበለዋል፣ ከዚያ ጫካው ሙሉ ይናወጣል። ድምፁን ተከትለሽ አትሩጪ። አቅጣጫውን ብቻ ያዢ፤ ሲነጋ ፀሐይ ሊሞቁ ዛፍ ጫፍ ላይ ይወጣሉ።

ቀጥሎ ቅርንጫፍ ነው። ነፋስ ሳይኖር አንድ ቅርንጫፍ ብቻውን ከተወዛወዘ ጦጣ ዘሎበታል። ቀይ ጅራት ጦጣ (አፍንጫዋ ላይ ነጭ ነጥብ አላት) ብዙ ጊዜ ከማንጋቤ (ሌላ የጦጣ ዓይነት) ጋር ተቀላቅላ ነው የምትሄደው። አንዷን ካየሽ ወዲያው አታልፊ፣ ሌላውን ፈልጊ። ደ ብራዛ ጦጣ ግን ሌላ ጠባይ አለው። ውሃ ዳር ይኖራል፣ ነጭ ጢም አለው፣ ግንባሩ ብርቱካናማ ነው። ሲደነግጥ ከመሸሽ ይልቅ ባለበት ድርቅ ይላል። አጠገቡ አልፈሽ ላታይው ትችያለሽ።

ዋናው ምክሬ ይሄ ነው፦ ያፈራ ሾላ ካገኘሽ ከዚያ አትነሺ። ጦጣ ከላይ ይበላል፣ ግማሹን ያባክናል። ሚዳቋ ከታች የወደቀውን ይለቅማል። ዛፉ ሥር ሳይሆን ራቅ ብለሽ፣ ነፋሱ ከዛፉ ወደ አንቺ በሚመጣበት በኩል፣ ግንድ ተደግፈሽ ተቀመጪ። መጀመሪያ ላይ ምንም ላይመጣ ይችላል። ቆይቶ ግን ጫካው ይረሳሻል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰዓታችን አንድ ቢሆንም እነሱ ወደ ምዕራብ ርቀዋል። በሐምሌ ፀሐይ ከደሴ አንድ ሰዓት ያህል ዘግይታ ነው የምትወጣው። ጎህ የሚቀድበትን ሰዓት በደሴ ልማድ አትቁጠሪ።

ጎህ ኮምቦልቻ፦
ቦርከና ጥሩ ብሏል፤ ግን መቀመጥ ብቻ ብሎ ነገር የለም። ሾላው ባያፈራስ? ሁለቱን ማቀላቀል ነው። ጥቂት እርምጃ፣ ቆም፣ ማዳመጥ። እንደገና ጥቂት እርምጃ። መንገዱ ላይ ደረቅ ቅጠል ካለ እርጥቡን ፈልገሽ ርገጪ።

ደግሞ ብቻሽን አይደለሽም። መሣሪያ የያዘ ሬንጀር አብሮሽ ይገባል፤ ዝሆንና ጎሽ አለ። ሴሙሊኪ ስሙ የገነነው በወፍ ስለሆነ አስጎብኚው ወፍ ፈላጊ መስለሽው ወዲያ ወዲህ ሊያዞርሽ ይችላል። ገና ቢሮ ሳለሽ «አጥቢ እንስሳ ነው የምፈልገው፣ ቁጭ ብዬ ረጅም ሰዓት እቆያለሁ» በዪው። ያኔ አይሰለችም፤ ቢሰለችም አውቆ ነው የገባው። የኪሩሚያ መንገድ እስከ ሴምሊኪ ወንዝ 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአንድ ቀን ደርሶ ለመመለስ ከሞከርሽ የምታዪው የራስሽን ጫማ ብቻ ነው። ሴምፓያ ፍልውሃው ጋ ያለው አጭር መንገድ ይበቃል። እንቁላል ይቀቅሉበታል፣ እሱንም ሞክሪው።

ባይኖኩላር 8 በ42 ያዢ፤ ፊተኛው ቁጥር የሚያጎላበት እጥፍ፣ ሁለተኛው የፊት ሌንሱ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ትንሿን 10 በ25 እንዳትገዢ። 42ን ለ8 አካፍይው፣ 5 ሚሊ ሜትር ያልፋል። 25ን ለ10 ብታካፍዪ 2 ተኩል ነው። ወደ ዓይንሽ የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት ማለት ነው። ጨለማ ጫካ ውስጥ ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው። አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን «አይበላም» የሚል የተጻፈባቸው ከረጢቶች አትጣዪ፤ ባይኖኩላሩ ቦርሳ ውስጥ ጨምሪያቸው። እርጥበቱ ሌንስ ያሻግታል።

የሮቢት ልጅ፦
በጣም አመሰግናለሁ! ዝናቡስ? ሐምሌ መሆኑ አሳስቦኛል።

ቦርከና፦
አብሽሪ። እኛ ጋ ክረምቱ ሲበረታ እዚያ ጋብ የሚልበት ነው፤ ነሐሴ ላይ መልሶ ይጀምራል። ጋብ ይላል እንጂ አይተውም። ከዝናብ በኋላ ደግሞ ጭቃው ላይ ኮቴ ታነቢያለሽ። ጅረት ዳር ያለውን ጭቃ ሳታዪ አትለፊ።

ሲስተር ከፒያሳ፦
ስለ ጤናው እኔ ልመልስ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ግዴታ ነው። ከተከተብሽ 10 ቀን ካልሞላው አይቆጠርም፤ የመጨረሻው ሳምንት ድረስ እንዳትጠብቂ። ወባ ደግሞ ዋናው ነው። የደሴ ልጅ ስለሆንሽ ሰውነትሽ አያውቀውም። መከላከያ መድኃኒቱን ሐኪም ይዘዝልሽ። ዶክሲሳይክሊን ከሆነ ከመሄድሽ አንድ ሁለት ቀን በፊት ይጀመራል፣ ከተመለስሽ በኋላ 4 ሳምንት ይቀጥላል። ብዙ ሰው ቤቱ ሲገባ ያቆመዋል፤ ስህተት ነው።

ሌላው፣ የሞተ እንስሳ አትንኪ፣ የጫካ ሥጋ አትቅመሺ፣ የሌሊት ወፍ ያለበት ዋሻ አትግቢ። ላስፈራራሽ አይደለም። ፓርኩ ያለበት ቡንዲቡግዮ ወረዳ እ.ኤ.አ. በ2007 በተነሳው ወረርሽኝ ለአንድ የኢቦላ ዓይነት ስሙን ሰጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ እዚያው ዩጋንዳ ፓይተን ዋሻ የገባች ሆላንዳዊት ጎብኚ ኢቦላን በሚመስለው የማርበርግ በሽታ ሞታለች። ቺምፓንዚ ካጋጠመሽ ቢያንስ 10 ሜትር ራቂ። ጉንፋን ከያዘሽ አትግቢ፤ የእኛ ጉንፋን እነሱን ይገድላል።

ጋሽ ሸዋ በር፦
ልጄ፣ ጦጣ ለማየት ዩጋንዳ ድረስ? እዚሁ የጎፍ ጫካ አለልሽ! በባጃጅና በሚኒባስ ዋጋ።

የሮቢት ልጅ፦
ጋሼ፣ እውነትዎን ነው፤ የጎፍን መች ጠገብኩት። ግን ቆላ ደን አይደለም እኮ።

ጎህ ኮምቦልቻ፦
ጋሼ ያሉት ቀልድ አይደለም። ከመሄድሽ በፊት ማለዳ የጎፍ ግቢና ተለማመጂ። ዝንጀሮና ጦጣ አይጠፋም። ዓይንሽን ከቅርንጫፉ ሳትነቅዪ ባይኖኩላሩን ማንሳት ልማድ ይፈልጋል። እግረ መንገድሽን ወደ ኮምቦልቻ ውረጂና ሙቀቱን ቅመሺ። ኮምቦልቻ ካላበሽ ሴሙሊኪ ምን ልትሆኚ ነው?

የማታ ዘብ፦
ማታውን ማንም አላነሳም። ብዙዎቹ የጫካ አጥቢ እንስሳት የሚወጡት ሲጨልም ነው። ሌሊት መውጣት የሚቻለው በፓርኩ ፈቃድና ከሬንጀር ጋር ብቻ ስለሆነ አስቀድመሽ ጠይቂ።

ዘዴው የዓይን ነጸብራቅ ነው። ደሴ ዳር ጅብን በባትሪ መትቶ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል። ባትሪውን ወገብሽ ጋ ከያዝሽው ግን ነጸብራቁ አይታይሽም። ግንባርሽ ላይ እሰሪው ወይም ከዓይንሽ አጠገብ ያዢው፤ ብርሃኑ የሚመለሰው ወደመጣበት ነው። ቅርንጫፍ ላይ ሁለት ቀያይ ነጥቦች ካየሽ ጠብቂ። እየዘለሉ ከሄዱ ጋላጎ (ትንሽ የሌሊት እንስሳ፣ የጦጣ ዘመድ) ነው። ቀስ እያሉ፣ እየተንፏቀቁ ከሄዱ ፖቶ (እሱም የጦጣ ዘመድ ነው) ሊሆን ይችላል። ፖቶ ቅርንጫፉን ጨምድዶ ይይዛል፣ አይቸኩልም፤ በባይኖኩላር እጁን ሳይቀር ታዪዋለሽ። ካገኘሽው በኋላ ባትሪውን በቀይ ላስቲክ ሸፍኚው፣ ዓይኑን አታቃጥዪው። ጥርኝም አለ፤ እሱን መሬት ላይ ፈልጊ።

የሮቢት ልጅ፦
ፖቶን ሳላይ አልመለስም! የመጨረሻ ጥያቄ፣ ልብስና ጫማ?

ቦርከና፦
ቡኒ ወይም የደበዘዘ አረንጓዴ። ጥቁርና ሰማያዊ የቆላ ዝንብ ይጠራል፣ ተይው። እጅጌው ረጅም ይሁን። ሱሪሽን ካልሲ ውስጥ ክተቺ፤ ገብረ ጉንዳን መንገድ ያቋርጣል። ሰልፉን ካየሽ ተራምደሽ እለፊ እንጂ እላዩ ላይ አትቁሚ። ሽቶ አትቀቢ። ጫማ ቦቲ ይሻላል፣ ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይውጣል።

ጋሽ ሸዋ በር፦
ቦቲ ሰኞ ገበያ አለልሽ፣ ካምፓላ ደርሰሽ አትግዢ። ከቁጥርሽ አንድ ከፍ አድርጊው፤ ወፍራም ካልሲ አለው።