ፌሪቲኑ ነው ወይስ መጓጎሉ?

ባሕር ዳር ነኝ፤ የማስተርስ ሥራዬ ላይ ተጣብቄ ቀርቻለሁ። ከፈረስ ጣፊያ የወጣ ፌሪቲን (ብረት በውስጡ የሚያከማች ፕሮቲን) አለኝ። የውሃውን ቲ2 (የፕሮቶኖቹ የማግኔት ምልክት የሚደበዝዝበትን ጊዜ) የምለካው 20 ሜጋኸርዝ በሆነ የጠረጴዛ ኤንኤምአር (የኒውክሌር ማግኔቲክ ሬዞናንስ መሣሪያ) ነው። የብረቱን መጠንና ሙቀቱን ሳልነካ ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን) ብቻ ከ7.4 ወደ 4.5 አወረድኩ። እስከ 5.5 ድረስ ቲ2 ቀስ እያለ ነበር የተቀየረው። 4.5 ላይ ግን ድንገት አጠረ።

ቱቦውን ወደ መስኮቱ አንስቼ ሳየው እንደ ክረምት አባይ ደፍርሷል። ለነገሩ እዚያ አካባቢ የፕሮቲኑ ጠቅላላ ቻርጅ ወደ ዜሮ ስለሚጠጋ መጓጎሉ አይገርምም። ባፈሩን (ፒኤቹን የሚጠብቀውን ፈሳሽ) ያለ ፕሮቲን ለካሁት፤ ቲ2 ንቅንቅ አላለም። ናሙናውን ባጣራው ደግሞ ቡናማው ሁሉ ማጣሪያው ላይ ቀረ፤ ብረቱም አብሮ እዚያው ቀረ።

በብረቱ እምብርት ገጽ ላይ ያሉት ፕሮቶኖች ከውሃው ጋር መለዋወጣቸው ያመጣውን ለውጥ፣ መጓጎሉ ካመጣው ለይቼ ለማየት ምን ልለካ?