ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤት ልናሳድስ ነው፤ ከኮንትራክተሩ ጋር ምን እንዋዋል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ወጥ ቤቱንና መታጠቢያ ቤቱን ልናሳድስ ነው፤ ወጥ ቤቱን ከሳሎን የሚለየውን ግድግዳም ማንሳት እንፈልጋለን። ኮንትራክተሩ ዋጋውን በጥቅሉ ነገረን፤ ግማሹን ቀድማችሁ ክፈሉ ይላል። እናቴ አብራን ስለምትኖር ሥራው መሃል ላይ እንዲቆም አልፈልግም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ 1፦
ግድግዳው ከላዩ ያለውን የቤቱን ሸክም የተሸከመ መሆን አለመሆኑን መሐንዲስ ሳያየው መዶሻ አይነሳበት። አንኳኩቶ «ምንም አይሆንም» የሚልሽን አትመኚ።

መልስ 2፦
እኔ በዚሁ ሙያ ነው የምተዳደረው። የጥቅል ዋጋ አትቀበዪ እህቴ። ማፍረሱ፣ ቧንቧው፣ ኤሌክትሪኩ፣ ልስኑ፣ ሴራሚኩ ለየብቻ ይጻፍ፤ ዕቃውን ማን እንደሚገዛም ጭምር። ክፍያው ሥራው በደረሰበት ልክ ይሁን፤ የተወሰነው ደግሞ እስከ ርክክብ ይያዝ።

ከሁሉ በላይ መታጠቢያ ቤቱን አደራ! ከሴራሚኩ ሥር የሚቀባው ውሃ መከላከያ ከደረቀ በኋላ፣ ሴራሚክ ሳይነጠፍ፣ ማፍሰሻውን አስደፍነሽ ወለሉ ላይ ውሃ አስቁሚበት። ከፍታውን ግድግዳው ላይ በእርሳስ አስምሪና 24 ሰዓት ይቆይ። ውሃው ከመስመሩ በደንብ ከወረደ ወይም ከሥር እርጥበት ከታየ፣ ሴራሚኩ አይነካ። ቧንቧውም በግፊት ሳይፈተሽ እንዳይለሰን። ከልስን በፊት ሜትር ዘርግተሽ ፎቶ አንሺው፤ ኋላ መደርደሪያ ሲሰቀል ቧንቧ ከመብሳት ያድናል።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ! መሃል ላይ ሐሳባችንን ብንቀይርስ?

መልስ 2፦
የሚጨምረው ዋጋና ቀን በጽሑፍ ሰፍሮ ሁለታችሁም ሳትፈርሙ ሥራው አይጀመር።