ውስን እትም የሆነው ስክሪን ፕሪንት ከመስታወቱ ጋር ተጣብቆብኛል፤ እባካችሁ አሁኑኑ ምን ላድርግ?

ከኮዬ ፈጬ፦ ሌሊት በጣለው ዝናብ የኮንዶሚኒየማችን ጣሪያ አፍስሶ ውኃው በሳሎኑ ግድግዳ ላይ ስለወረደ፣ ከተሰቀሉት ሥራዎች አንዱ ፍሬሙ ውስጥ ድረስ ረጥቧል። ሥራው በአምስት ቀለም የታተመ ስክሪን ፕሪንት ሲሆን ቁጥሩ 3/50 ነው፣ ማለትም ከአምሳ ቅጂዎች ሦስተኛው፤ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ በመሆኑም ዋጋው ከሌሎቹ ከፍ ያለ ነው። ከጀርባው ያለውን ችፑድ ስከፍት የታችኛው ቀኝ ጥግ መስታወቱ ላይ ተጣብቆ አገኘሁት። በስስ ቢላ ላላቅቀው ወይስ በፀጉር ማድረቂያ ላሙቀው? ሰማዩ እንደገና እየጠቆረ ስለሆነ ፈጣን መልስ እለምናለሁ።

ባለፍሬሙ፦ ቢላውንም ማድረቂያውንም ያስቀምጡ። የተጣበቀውን ወረቀት ከመስታወቱ ለማላቀቅ ፈጽሞ አይሞክሩ፤ ከሳቡት ቀለሙ መስታወቱ ላይ ቀርቶ ወረቀቱ ብቻ በእጅዎ ይመጣል። ሥራውን ከነመስታወቱ መስታወቱ ወደ ታች እንዲሆን አድርገው ጠረጴዛ ላይ ያስተኙት፤ ችፑዱን ከጀርባው ያስወግዱና ወረቀቱ በጀርባው በኩል ቀስ ብሎ ይድረቅ። ያልነገሩን ነገር ግን ብዙ ነው፤ ወረቀቱ አሁንም እርጥብ ነው ወይስ ደርቋል? ቀለሙ በውኃ የሚቀጥነው ነው ወይስ ዘይታማው? ፊርማውስ በእርሳስ ነው ወይስ በእስክሪብቶ?

አንጋፋ ሰብሳቢ፦ መልስ ከመስጠታችን በፊት የያዝነውን ነገር ምንነት ማወቅ ይገባናል። ስክሪን ፕሪንት በተወጠረ ስስ መረብ ላይ፣ ቀለም እንዲያልፍበት የተፈለገው ቦታ ብቻ ክፍት ሆኖ ሌላው ተደፍኖ፣ ቀለሙ በጎማ እየተገፋ ወረቀቱ ላይ የሚያርፍበት የኅትመት ዘዴ ሲሆን፣ እንደ ደንቡ ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ መረብ ይዘጋጅለታል። አሜሪካዊው ሠዓሊ አንዲ ዋርሆል ዘዴውን በ1962 እ.ኤ.አ. ለሸራ ሥራዎቹ መጠቀም ከጀመረ በኋላ የሥነ ጥበቡ ዓለም በሌላ ዓይን ይመለከተው ጀመር፤ በ1967 እ.ኤ.አ. ያወጣው የማሪሊን ሞንሮ ስብስብም አሥር ኅትመቶች ያሉት ሆኖ እትሙ በ250 የተወሰነ ነበር። አዲስ አበባ የተወለደችው ሠዓሊ ጁሊ ምሕረቱም በ2004 እ.ኤ.አ. ሊቶግራፍን (ከጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ሰሌዳ የሚታተመውን) ከስክሪን ፕሪንት ጋር አጣምራ በአሜሪካ ሚኒያፖሊስ ከተማ ያሳተመችው ሥራ አላት። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ዘዴ ቀለሙ ወረቀቱ ውስጥ ከመስረግ ይልቅ በላዩ ላይ እንደ ስስ ቆዳ ተነባብሮ ስለሚቀመጥ፣ እርጥበት ሲያገኘው ለስልሶ እንደ መስታወት ባለ ልሙጥ ነገር ላይ ለመጣበቅ ከሌሎች ኅትመቶች ይልቅ የቀረበ ነው። አምስት ቀለም የተደራረበበት ጥግ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል።

ዕጣ ያልወጣለት፦ ከአምሳው ወንድማማቾች የኮንዶሚኒየም ዕጣ የደረሰው ሦስተኛው ብቻ መሆኑ ነው፤ ያውም የመጨረሻው ፎቅ! ለማንኛውም ጠያቂው አንዱን ሲያስታምሙ ሌሎቹን እንዳይረሱ፤ በዚያው ግድግዳ ላይ ያሉትን በሙሉ አሁኑኑ ያውርዱና ጀርባቸውን ይመልከቱ። እርጥብ ወረቀት ላይ ሻጋታ ለመጀመር ሁለት ቀን ይበቃዋል፤ በክረምትማ ማን ይከለክለዋል።

ሰላም ለሁሉ፦ እኔም የምመክረው መስታወቱን ወደ ታች አድርገው እንዲያስተኙትና እንዳይስቡት ነው። ወይም በላስቲክ ጠቅልለው ፍሪዘር ውስጥ ያስገቡት።

ባለፍሬሙ፦ ፍሪዘሩ ላልተጣበቀ ልቅ ወረቀት ሻጋታውን ገትቶ ጊዜ ይገዛል፤ መስታወት የተጣበቀበትን ሥራ ግን ማስገባት መስታወቱን ከማሰንጠቅም በላይ ጉዳት ሊያመጣ ይችላልና እዚህ ላይ አልስማማም።

ከኮዬ ፈጬ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ወረቀቱ ከጀርባው ሲነካ አሁንም ይቀዘቅዛል፤ ፊርማውና ቁጥሩ በእርሳስ ናቸው፤ ቀለሙ አክሪሊክ መሆኑን ሠዓሊው ሲሸጥልኝ ነግሮኛል። ጠረጴዛው ጠባብ ስለሆነ ግድግዳ አስደግፌ ባቆመው ምን ይላሉ? አንድ ጎረቤቴ ደግሞ በአልኮል የረጠበ ጥጥ በጠርዙ ባሳልፍበት ይላቀቃል እያለኝ ነው።

ማተሚያ ቤት የዋልኩ፦ ጎረቤትዎን አመስግነው አልኮሉን ይመልሱለት፤ አልኮል የደረቀ አክሪሊክን ያለሰልሳል፣ ይፈታልም። አስደግፎ ማቆምም አይሆንም፤ ውኃው ወደ ታችኛው ጠርዝ ወርዶ ይጠራቀማል፣ እርጥቡ ወረቀትም በገዛ ክብደቱ ከተጣበቀበት ይቀደዳል። ጠረጴዛ ከጠበበ ወለሉ ላይ ንጹሕ አንሶላ አንጥፈው ያስተኙት። ከጀርባው ያለውን እርጥበት በታጠበና በደረቀ ነጭ አቡጀዲ ሳይጫኑና ሳያሹ ጠብ ጠብ እያደረጉ ያንሱት፤ ጨርቁ ሲርስ በሌላ ይለውጡት። ጋዜጣ አይጠቀሙ፤ የጋዜጣው ቀለም ይዛመታል። ቬንቲሌተር ካለ አየሩን እንዲያንቀሳቅስ ወደ ጣሪያው ይዙር እንጂ ወደ ሥራው አይዙር። ፀሐይም ብትወጣ አያውጡት፤ ወረቀቱ አንዱ ወገን ቀድሞ ስለሚደርቅ ይኮማተራል። የእርሳስ ፊርማ በውኃ አይፈስም፤ ስለእርሱ አይጨነቁ፣ ብቻ እንዳይታሽ።

የዋጋውን ነገር ካነሱ ግን መነሻዎ ላይ ጥያቄ አለኝ። ትንሹ ቁጥር ይበልጣል የሚባለው ከመዳብ ሰሌዳ ኅትመት የመጣ ልማድ ነው፤ በተለይ በመርፌ የተጫረ የመዳብ ሰሌዳ በማተሚያው ጫና እየደከመ ስለሚሄድ የመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች የጠሩ ይሆናሉ። የስክሪን መረብ ግን በአምሳ ቅጂ አይደክምም። አምስቱም ቀለሞች ተራ በተራ በሙሉው ክምር ላይ ከታተሙ በኋላ የተበላሹት ተለይተው ይወጣሉ፤ ቁጥሩም የሚጻፈው ያኔ ነው፤ ስለዚህ ሦስተኛ ተብሎ የተቆጠረው ከመረቡ ሥር ሠላሳኛ ሆኖ የወጣ ሊሆን ይችላል።

ከኮዬ ፈጬ፦ የሸጠልኝ ሰው ግን አነስተኛ ቁጥር ስለሆነ ብሎ ጨምሮ ነው ያስከፈለኝ።

ማተሚያ ቤት የዋልኩ፦ ሻጩ የሚወደውን ቁጥር አስከፍሎዎታል፤ ሥራው አልተቀየረም።

አንጋፋ ሰብሳቢ፦ በዚህ ላይ ልጨምር። የዋርሆል ማሪሊኖች ፊርማቸው በእርሳስ፣ ቁጥራቸው ደግሞ በማኅተም ከወረቀቱ ጀርባ ላይ ነው፤ ስለዚህ ማንም ሰብሳቢ የረጠበ ኅትመት ሲገጥመው ጀርባውን በደንብ ፎቶ ሳያነሣ ጨርቅ ሊያሳርፍበት አይገባም። እርሳስ ውኃ ቢችልም የማኅተም ቀለም አይችልም።

ከሰበታ፦ ጥያቄ ሳልቀማ፣ የእኔው ኅትመት ባለፈው ክረምት ተጣብቆ አሁን ሙሉ በሙሉ ደርቋል። መልሼ ባረጥበው ይለቅ ይሆን?

ባለፍሬሙ፦ በራስዎ አያርጥቡት፤ ከደረቀ የሚያስቸኩል ነገር የለም። ከነመስታወቱ ደረቅ ቦታ ያቆዩትና የወረቀት ጥገና የሚያውቅ ሰው ያፈላልጉ። በአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የኅትመት ሥራ የሚያስተምሩ መምህራን አሉ፤ ወመዘክርም ያረጁ ወረቀቶችን የሚጠብቅ ተቋም ነውና ከሁለቱ አንዱ ጋ መጠየቅ ይጀምሩ። ሁለታችሁም ዳግመኛ ስታስገጥሙ በመስታወቱና በወረቀቱ መካከል ከአሲድ ነፃ የሆነ የካርቶን ዙሪያ እንዲገባ ንገሩ፤ ወረቀቱ መስታወቱን ሳይነካ ጥቂት ሚሊ ሜትር አየር ካገኘ እርጥበት ቢመጣም አይጣበቅም። ዝናብ በሚመታው የውጭ ግድግዳ ላይ ደግሞ አትስቀሉ።