ከጆሯችን ቅኝት ተነሥቶ ወደ ፊውዥን፦ ለሐዋሳ ጀማሪ አድማጮች

ዘመናዊ ጃዝ፣ በተለይም ጃዝ ከሮክ፣ ከፈንክና ከመሳሰሉት ጋር የሚዋሐድበትን ፊውዥን፣ መስማት እንፈልጋለን የሚሉ ወዳጆች ብዙ ጊዜ የሚጠቆምላቸው የማይልስ ዴቪስ «ቢችስ ብሩ» (እ.ኤ.አ. 1970) ወይም ሦስት ሰዓት የሚጠጋው የካማሲ ዋሽንግተን «ዘ ኤፒክ» (2015) ነው። ሁለቱም ታላላቅ ሥራዎች ናቸው፤ ለጀማሪ ግን ስለሚከብዱ ለኋላ ቢቆዩ ይሻላል።

እኔ የምመክረው ጆሯችን ከሚያውቀው ቅኝት መነሣትን ነው። ሙላቱ አስታጥቄ አምስት ድምፅ ያላቸውን ቅኝቶቻችንን ከምዕራቡ የድምፆች ስምምነት (ሃርመኒ) እና ከላቲን ምት ጋር ያዋሐደበት «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» (1972) የታወቀው መግቢያ ነው። ከሁለት አንዱን ምረጥ ብባል ግን የዋልያስ ባንድን «ጨ በለው» (1977) አስቀድማለሁ፤ ምክንያቱም የኃይሉ መርጊያ ኦርጋን የድምፃዊውን ቦታ ስለሚይዝ፣ ግጥም የለመደ አድማጭ ዜማውን ሳይቸገር ይከተለዋል።

ከዚያ በኋላ የሄርቢ ሃንኮክ «ሄድ ሃንተርስ» (1973) ይምጣ። አልበሙ አራት ሙዚቃዎች ብቻ አሉት፤ ከእነርሱም «ዋተርሜሎን ማን» ለእኛ ለደቡብ ሰዎች የተለየ ቅርበት አለው። መግቢያው ላይ የምት መሣሪያዎች ተጫዋቹ ቢል ሰመርስ የቢራ ጠርሙስ እየነፋ በመሃሉ ድምፁን ያስገባል፤ ይህንንም የወሰደው ከመካከለኛው አፍሪካ የጫካ ነዋሪዎች የአጨዋወት ስልት ነው። እያንዳንዱ ነፊ የድርሻውን ድምፅ እየጣለ ዜማው በኅብረት የሚሠራበትን የደራሼዎችን ፊላ የሰማ ሰው ይህ መግቢያ እንግዳ አይሆንበትም። «ከሚልየን» በአንጻሩ ከአሥራ አምስት ደቂቃ በላይ ይረዝማል፤ ሙዚቃውን ሁሉ የሚሸከመው ሃንኮክ በሲንተሳይዘር (ድምፅን በኤሌክትሮኒክ በሚፈጥር ኪቦርድ) የሚጫወተው የቤዝ መስመር ስለሆነና የስልክ ድምፅ ማጉያ ይህን ዝቅተኛ ድምፅ በቅጡ ስለማያወጣው፣ ርካሽም ቢሆን በጆሮ ማዳመጫ ይሰማ።

ፍቅር ሐይቅ ዳር ለሚያመሽ ሰው ከማይልስ ሥራዎች «ኢን ኤ ሳይለንት ዌይ» (1969) ይስማማዋል፤ ረጋ ያለና አርባ ደቂቃ እንኳ የማይሞላ ነው።

የስናርኪ ፓፒ ባንድን «ዊ ላይክ ኢት ሂር» (2014) በተመለከተ፣ ከድምፁ ይልቅ ቪዲዮውን መመልከት ይበልጣል እላለሁ። ኔዘርላንድስ ውስጥ ዩትሬክት ከተማ፣ ታዳሚዎች በሙዚቀኞቹ ዙሪያ ተቀምጠው የተቀረጸ በመሆኑ፣ ማን መቼ እንደሚገባና ብቸኛ ተጫዋቹን ሌሎቹ እንዴት እንደሚደግፉት በዓይን ይታያል። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላውቅም፤ በተለይም «ሊንገስ» ላይ ኮሪ ሄንሪ በኪቦርድ እዚያው በቅጽበት እየፈጠረ የሚያሰማውን ረጅም ጨዋታ ሳታቋርጡ ተከታተሉት። ኢንተርኔቱ ደካማ ከሆነ ዋይፋይ ባለበት ቦታ አስቀድሞ ማውረድ ይቻላል።

ያለ ግጥም ሙዚቃ አይሆንልኝም ለሚሉ፣ በተለይም ሂፕ ሆፕና አር ኤንድ ቢ ለሚወዱ ወጣቶች፣ የሮበርት ግላስፐር «ብላክ ሬዲዮ» (2012) ከሁሉም ይቀርባል፤ እነዚህ አድማጮች ከእርሱ ጀምረው ወደ ዋልያስ ቢመለሱም ምንም አይጎድልባቸውም።